ተርቦ ለገጠማችሁት ሚያታ፦ ፕሪሚየም ቤንዚን ወይስ ኢ85?
አሜሪካ ላላችሁና ቤታችሁ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የገጠማችሁትን ማዝዳ ሚያታ (ትንሽ የስፖርት መኪና) ወደ ትራክ (የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ) ለማውጣት ላሰባችሁ፣ ፕሪሚየም ቤንዚኑ (ኦክቴኑ 91 ወይ 93) የትም ይገኛል፣ ግን ቡስት (የተርቦውን የአየር ግፊት) ስትጨምሩ ኖክ (ነዳጁ ያለጊዜው ራሱ ተቀጣጥሎ ሞተሩን መምታቱ) ቶሎ ይመጣል፣ ታይሚንግ መቀነስ (ሻማው የሚያቀጣጥልበትን ጊዜ ማዘግየት) ግድ ይሆናል፣ በሙቀት ቀን ደግሞ ይብሳል። ኢ85 (ኢታኖል የበዛበት የቤንዚን ድብልቅ) ሲተን ብዙ ሙቀት ስለሚወስድ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል፣ ኖክም በደንብ ይቋቋማል፣ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ችግሩ ወደ 30 ፐርሰንት ተጨማሪ ነዳጅ ይጠጣል፣ ትልቅ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው ክፍል) እና የነዳጅ ፓምፕ ይፈልጋል፣ ስሙ 85 ሆኖ ኢታኖሉ እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው ከ51 እስከ 83 ፐርሰንት ስለሚለዋወጥ ያለ ፍሌክስ ፊውል ሴንሰር (የኢታኖሉን መጠን የሚለካ) ቱን ማድረግ (ሞተሩን ለነዳጁ ማስተካከል) ቁማር ነው። ሴንሰሩም፣ እሱን የሚቀበል ኢሲዩም (የሞተሩ ኮምፒውተር) ካላችሁ ኢ85 ምረጡ፣ የመጀመሪያ ፕሮጀክታችሁ ከሆነ ግን ቤንዚን ሞልታችሁ፣ ቡስቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ዋይድባንዱን (የአየርና የነዳጅ ምጥጥን የሚያሳየውን መለኪያ) እያያችሁ ንዱ።