ደብረ ብርሃን ላይ ስፓኒሽ ለምትፈልጉ፦ የሰፈሬን ጋሼ ላመስግን

ትናንት ማታ የስፓኒሽ ድጋሚ ፈተና ውጤቴ መጣ። 7.4 ነው። ስፔን ውስጥ ውጤት የሚሰጠው ከ10 ነው። 5 ያመጣ ያልፋል፣ ከ7 ጀምሮ ደግሞ «ኖታብሌ»፣ በጣም ጥሩ እንደማለት፣ ይባላል። ሰኔ ላይ ያንኑ ትምህርት ተፈትኜ ያገኘሁት 3.8 ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ክረምት ያሳለፍኩት ደብረ ብርሃን፣ አንድ ትንሽ ሳሎን ውስጥ ነው። የምጽፈውም እዚያ ያስተማሩኝን የቤቱን ባለቤት ለማመስገን ነው።

ስማቸውን አልጠራም። «ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳላየው» ብለውኛል። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ከልጅነቴም የምጠራቸው እንዲሁ ነው።

እኔ ስፔን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው፣ ስፓኒሽ ቋንቋ። ስገባ የቢ2 ደረጃ ነበረኝ፤ ከመካከለኛ ከፍ ያለ ማለት ነው። ማውራት አላስቸገረኝም። ገበያ እወጣለሁ፣ ዋጋ እከራከራለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር እስቃለሁ። የወደቅኩት ወረቀት ላይ ነው። «ኮሜንታሪዮ ዴ ቴክስቶ» የሚሉት ነገር አለ። አንድ ጽሑፍ ይሰጣችሁና ጭብጡን፣ አወቃቀሩን፣ ጸሐፊው ያንን ቃል ለምን እንደመረጠ እናንተ ትተነትናላችሁ። መምህሬ ከወረቀቴ ግርጌ «ሐሳቡ ይገባል፤ ስፓኒሽ ግን አይደለም» ብላ ጻፈችልኝ። በጣም አለቀስኩ። ደግሞ እውነቷን ነበር።

ድጋሚ ፈተናው ለመስከረም ተቀጥሮ ቤት መጣሁ። እናቴ ፊቴን አይታ «ጋሼን ለምን አታናግሪያቸውም?» አለችኝ። ጋሼ የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ነው ቤታቸው። ኩባ ማደጋቸውን ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ወደ ኩባ ተልከዋል። ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ነበሩ። የተቀበለቻቸው «ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ»፣ የወጣቶች ደሴት ናት። ግማሽ ቀን ይማራሉ፣ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ይሠራሉ። ጋሼ የሄዱት በ12 ዓመታቸው ነው። እርሻ ተምረው እስኪመረቁ እዚያው ቆዩ። መጀመሪያ ፍቅራቸውን የገለጹት፣ መጀመሪያ የተጣሉት በስፓኒሽ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ባለቤታቸው አጠገባችን ቡና እየቀዱ ነበር፤ ሳቁ።

የመጀመሪያ ቀን «ሲ አብሪያስ ቤኒዶ» ብዬ ጻፍኩ። «መጥተሽ ቢሆን ኖሮ» ማለቴ ነው። ጋሼ ወረቀቱን አስቀመጡና፣

«ልጄ፣ እስኪ በአማርኛ በይልኝ» አሉ።

«መጥተሽ ቢሆን ኖሮ አይሽ ነበር።»

«‹ኖሮ› የት ገባ?»

«ከ‹ቢሆን› ጋር።»

«‹ነበር›ስ?»

«መጨረሻ ላይ።»

«ብታቀያይሪያቸውስ?»

አፌ ላይ ልሞክረው ብል እንኳ አልወጣ አለኝ። «እንግዲያው ‹ኡቢዬራ› ማለት ‹ኖሮ› ነው። ‹አብሪያ› ደግሞ ‹ነበር› ነው። የኖሮን ቦታ ለነበር አትስጪ።» ሲ ኡቢዬራስ ቤኒዶ፣ ቴ አብሪያ ቢስቶ። ሁለት ዓመት ሙሉ የግሶች ሰንጠረዥ ስሸመድድ ያልገባኝ ነገር በአንድ ስኒ ቡና ገባኝ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ላይ ተሳስቼ አላውቅም።

«ኦሃላ ቢኒዬራ»ንም እንዲሁ። «ምነው በመጣ» ነው፣ አለቀ። ቃሉ ራሱ ከዓረብኛ ነው የተወሰደው። ጋሼ እንደሚሉት አማርኛ የሚችል ሰው የስፓኒሽን ምኞትና ጥርጣሬ ግማሹን ይዞት ይመጣል፤ መምህሩ ያንን ካልነገረው ግን አያውቀውም።

አማርኛ የማይረዳበትንም አይደብቁም። ሐምሌ ላይ ነው፣ ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ፣ እሳቸው የመንዝ ባና ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። «‹ባና የሚሠራ ሰው እፈልጋለሁ› በይ» አሉኝ። በስፓኒሽ አልኩ። «ሰውየውን ታውቂዋለሽ ወይስ ካለ ብለሽ ነው?» ዝም አልኩ። የማውቀውን ሰው ከሆነ የምፈልገው «ቡስኮ አ ኡን ኦምብሬ ኬ አሴ ባናስ» ነው። መኖሩን ሳላውቅ ከሆነ ግን ግሱ ይቀየራል፣ ከሰውየው በፊት ያለችው «አ»ም ትወድቃለች፦ «ቡስኮ ኡን ኦምብሬ ኬ አጋ ባናስ»። በአማርኛ ሁለቱም አንድ ናቸው። «እዚህ ላይ አማርኛሽን ትተሽ ሂጂ» አሉኝ። በዚህች ልዩነት ብቻ አንድ ሙሉ ሳምንት ቆየን። ፈተናው ላይ የነበረው ጽሑፍ እንዲህ ባሉ ግሶች የተሞላ ነበር። ሳነበው ባናው ነው የታየኝ።

ስለ ጽሑፍ ደግሞ፦ እኔ ሁሉን ነገር በ«ኬ» (እንደ አማርኛው «የ-» እና «እንደ-» በምታያይዘው ቃል) እየቀጣጠልኩ አንድ አንቀጽ የሚያህል ዓረፍተ ነገር ነበር የምጽፈው። ጋሼ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብ ያደርጉኛል። ትንፋሼ ያጠረበት ቦታ ላይ በእርሳስ ይቆርጡታል። ከዚያ በተቆረጠው መሀል ምን እንደሚገባ ይጠይቁኛል። «ሲን ኤምባርጎ» (ሆኖም) ነው? «ፖር ሎ ታንቶ» (ስለዚህ) ነው? ምክንያቴን ካልተናገርኩ አያልፉኝም። በ7 ሳምንት 31 ኮሜንታሪዮ ጻፍኩ። ሁሉንም አነበቡልኝ። አንዷንም በችኮላ አላዩም።

ለሚመጣ ሰው ጥቂት ነገር ልንገር። አነጋገራቸው የኩባ ነው። የቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ይውጧታል። አውቶቡስን «ጓጓ» ይላሉ። ስፔን ውስጥ «እናንተ» ለማለት የሚጠቀሙበትን «ቦሶትሮስ» እሳቸው ተናግረውበት አያውቁም፤ ኩባ «ኡስቴዴስ» ነው የሚባለው። ይህን ራሳቸው ቀድመው ይነግሯችኋል። የቦሶትሮስን እርባታ ከእኔ መጽሐፍ አብረን ነው ያጠናነው። ኢንተርኔት ላይ አይደሉም። ስለዚህ «ዴሌ» ለተባለው የኢንስቲቱቶ ሴርባንቴስ የስፓኒሽ ችሎታ ፈተና የምትዘጋጁ ከሆነ የልምምድ ጥያቄዎቹን አትማችሁ ውሰዱ። ደግሞ እዚያ ቤት «ኡስቴድ» ማለት እርስዎ ነው። ስፔን መምህሮቻችንን «ቱ» (አንተ፣ አንቺ) እንላለን፤ ጋሼ ዘንድ ግን እንዳትሞክሩት።

ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ጋሼን አልጠቁምም። ትዕግሥት ጠፍቶባቸው አይደለም። ሀሁውን ሌላም ሰው፣ ስልክም ያስተምራችኋል። እሳቸው የሚያስፈልጉት ቋንቋውን ችዬዋለሁ ብሎ ወረቀት ላይ ለሚቸገር ሰው ነው። የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ለምትጽፉ፣ ለምትተረጉሙ፣ እንደ እኔ ወድቃችሁ ለተመለሳችሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ገንዘብ አልቀበልም ብለውኝ ነበር። «መጀመሪያ መጥቀሜን ልይ» አሉ። እናቴ ለምና ነው ያስቀበለቻቸው። እባካችሁ ስትሄዱ ከመጀመሪያው ቀን ክፈሏቸው። ጊዜያቸው ነው፣ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ጽሑፋችሁን ፊደሉን ትልቅ አድርጋችሁ አሳትሙ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬም ለቡናውና ለገብስ ቆሎው። ውጤቱን ዛሬ ጠዋት ደውዬ ስነግራቸው «ሰባት ነጥብ አራት? የቀረው ሁለት ነጥብ ስድስት የት ሄደ?» አሉኝ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ልኬላታለሁ፤ ዛሬ ማታ ታሳያቸዋለች።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ ይመቻቸዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ እድር አላቸው።