ኩስኮ፣ ኪቶ ወይስ ላ ፓዝ? ለደጋ ልጅ የትኛዋ ትሻላለች

ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ስመለስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ማቹ ፒቹ፣ ስለ ጥንቱ የኢንካዎች ከተማ ፍርስራሽ ነው። ለጉዞ ገንዘብ እያጠራቀመ ላለ ሰው ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች የት ነው የምታድሩት? ጉዞው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

ከፍታውን በአገራችን ልስፈርላችሁ። የፔሩዋ አሬኪፓ 2,335 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ በሏት። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ 2,850 ሜትር ናት፤ ደብረ ብርሃንን አስቡ። የፔሩዋ ኩስኮ 3,400 ሜትር ናት፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ቆማችሁም ገና ወደ ላይ ታንጋጥጣላችሁ። የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ 3,640 ሜትር ናት፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ በሚግጥበት ከፍታ ላይ ትልቅ ከተማ ተሠራ ማለት ነው። የላ ፓዝ አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት ኤል አልቶ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የባሌውን ሳነቴ ያየ ይገባዋል።

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ነው ያደግኩት። አሜሪካ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። "የደጋ ልጅ ምን ይሆናል?" ብዬ በቀጥታ ላ ፓዝ በረርኩ። የመጀመሪያውን ሌሊት ራሴን ይዤ አደርኩ። ምግብ አስጠላኝ። ጠዋት አንድ ፎቅ ለመውጣት ሦስት ጊዜ አረፍኩ። ሁለት ቀን እንዲሁ አለቀ፤ የከፈልኩበት ሁለት ቀን። ደጋ መወለድ ስንቅ ሆኖ አይቀመጥም። ሰውነት ቆላ ከለመደ ቆላ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ የሚነሳ ሰው ይቀለዋል። ዲሲ፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ የሚኖር ግን ራሱን እንደ ቆላ ሰው ይቁጠር። ኩስኮ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሰው ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ሐኪሙን ያናግር።

ታሪክ ለማየት

ኩስኮ። በዚህ አልደራደርም።

ከስፔኖች በፊት አንዲስን ይገዙ የነበሩት የኢንካዎች መናገሻ ነበረች። ስፔኖች በ1533 ገቡባት፤ ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው። ኮሪካንቻ የሚባለው የፀሐይ ቤተ መቅደስ ግድግዳው በወርቅ የተለበጠ ነበር፤ ገፈው ወሰዱት። ከዚያ በላዩ ላይ የሳንቶ ዶሚንጎን ገዳም ሠሩ። በ1950 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ሲመታት ገዳሙ ክፉኛ ተጎዳ፤ ከሥሩ ያለው የኢንካ ግንብ ግን ቆመ። ዛሬ ስትገቡ ሁለቱንም ባንድ ዓይን ታያላችሁ፤ የስፔኖቹን ቅስት፣ ከሥሩ ደግሞ ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ የተጋጠመውን ድንጋይ።

ሃቱን ሩሚዮክ ወደሚባለው ጠባብ መንገድ በማለዳ ሂዱ፤ ሰው ሳይሞላው። እዚያ ግድግዳ ላይ አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ድንጋይ አለ። በጣቴ አየር ላይ እየጠቆምኩ ቆጠርኩት፤ መንካት ክልክል ነው። ዙሪያውን ያሉት ድንጋዮች አንድ በአንድ ለእሱ ጎን ተብለው ተጠርበዋል። ከሩቅ ሲታዩ ድንጋይ አይመስሉም፤ ተጠጋግቶ የደረቀ ሊጥ ይመስላሉ። ግድግዳው ወደ ውስጥ ትንሽ ዘንበል ይላል። በሮቹ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያሉ ናቸው። መሬት ስትናወጥ ግንቡን ያቆመው ይኸው አሠራር ነው። ላሊበላን ያየ ሰው እዚህ ሲቆም የሚሰማውን ያውቃል፤ አሠራሩ ሌላ ነው፣ ትዕግሥቱ ግን ያው።

ላሊበላን ካነሳሁ አይቀር፣ ኪቶና ላሊበላ እኩዮች ናቸው። ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱም ነበሩበት። የኪቶ መስህብ አብያተ ክርስቲያናቷ ናቸው። ላ ኮምፓኒያ የሚባለው በ1605 ተጀምሮ ለማለቅ 160 ዓመት ፈጅቷል። ውስጡ ከወለል በላይ ያለው ነገር ሁሉ በወርቅ ቅብ የተለበጠ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ሰዓት ተቀምጬበታለሁ።

ላ ፓዝን ለታሪክ ብላችሁ አትሂዱ። የላ ፓዝ ነገር ዛሬዋ ነው። በ2014 ሥራ የጀመረው የኬብል መኪና እንደ እኛ ባቡር የከተማ ትራንስፖርት ነው፤ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ድንች የተሸከመችው እናት ሁሉ ይሳፈሩበታል። ከኤል አልቶ ወደ ታች ስትወርዱ ከተማው እንደ ሳህን ተዘርግቶ ይታያል። ሰፈሩም የተገላቢጦሽ ነው፤ ሀብታሙ ሙቀት ፍለጋ ታች ይኖራል፣ ድሃው ላይ።

ምግብ፣ በተለይ ለእኛ ሰው

ይህን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም፤ እኔ ልንገራችሁ። የአንዲስ የድግስ ምግብ በብዛት አሳማ ነው። በኪቶ ኦርናዶና ፍሪታዳ፣ በኩስኮ ሌቾንና ቺቻሮን የሚባሉት ሁሉ አሳማ ናቸው። ኩይ የሚሉት አይጥ የምትመስል ትንሽ የቤት እንስሳ ናት፤ ሙሉዋን ጠብሰው ያቀርቧታል። አልፓካ ደግሞ የግመል ዘመድ ነው። ኦርቶዶክስም ሆነ ሙስሊም አንባቢ "ሲን ቻንቾ" የምትለዋን ቃል ያጥና፤ አሳማ የሌለው ማለት ናት። ሊጥም አንዳንዴ በአሳማ ስብ ስለሚታሽ ጠይቁ።

ታዲያ ምን ይበላል? ኪቶ ላይ ሎክሮ ዴ ፓፓ እዘዙ። ድንቹ ተፈትቶ የወፈረ ሾርባ ነው፤ አይብና አቮካዶ ይጨመርበታል። በብርድ ማታ ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም። ኩስኮ ላይ ትራውት የሚባለው ዓሣ በየቤቱ አለ። ሥጋ ለማትበሉባቸው ቀናት የተቀቀለ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ድንችና ኪኑዋ የሚባለው የአንዲስ እህል ሞልቷል። ሾርባ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ አትክልት የተባለው በሥጋ መረቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

በጣዕም ግን ላ ፓዝ ትበልጣለች። ምክንያቱም ሳልቴኛ ናት። ሳምቡሳ የመሰለች፣ በምድጃ የተጋገረች፣ ውስጧ መረቅ የሞላ ነገር ናት። የበሬ ሥጋ ወይም የዶሮ አለ። የጠዋት ምግብ ስለሆነች ከቀትር በኋላ እምብዛም አትገኝም። የመጀመሪያዋን መሐሏን ገምጬ መረቁ በሙሉ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። አጠገቤ የቆሙት እናት ሳቅ ብለው የራሳቸውን አሳዩኝ። ቀጥ አድርጋችሁ ትይዟታላችሁ፤ የላይኛዋን ጫፍ ብቻ ትነክሳላችሁ፤ መጀመሪያ መረቁን ትጠጣላችሁ፤ ከዚያ እየገመጣችሁ ትወርዳላችሁ። ውስጧ የወይራ ፍሬ ከነዘሩ ስላለ ለጥርሳችሁ እዘኑ።

አንድ ነገር ደግሞ ልቤን ነክቶታል። ፔሩ ውስጥ ምግብ እስኪደርስ ካንቻ ያቀርባሉ። የበቆሎ ቆሎ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ከኩስኮ ወጣ ባሉ መንደሮች ደግሞ በር ላይ ረጅም እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል ታስሮ አየሁ። ምን እንደሆነ ሳይነገረኝ ገባኝ። እኛ ጣሳ ደፍተን የምንሰቅለውን እነሱ ቀይ ይሰቅላሉ። ቤቱ ቺቻ ቤት ነው። ቺቻም እንደ ጠላ በብቅል ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ግን የበቆሎ ነው። ጎምዘዝ ይላል። በትልቅ ብርጭቆ ነው የሚቀዳው። ከመጠጣታቸው በፊት ጥቂት መሬት ላይ ያፈሳሉ፤ ፓቻማማ ለሚሏት ለእናት ምድር።

የኮካ ሻይ፣ ኮኬይን ከሚወጣበት ቅጠል የሚፈላው፣ በፔሩና በቦሊቪያ በየሆቴሉ አለ፣ ሕጋዊም ነው። ግን አሜሪካ ሆናችሁ ለሥራ የዕፅ ምርመራ የምታደርጉ፣ በተለይ የከባድ መኪና ሹፌሮች፣ አትጠጡት። ሻዩ ብቻውን ምርመራውን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ቅጠሉንም ይዛችሁ አትመለሱ፤ አሜሪካ ማስገባት ክልክል ነው።

ማደሪያ

ሦስቱም ከተሞች ማታ ይበርዳሉ። ሰኔና ሐምሌ የእነሱ በጋ ነው፤ ዝናብ የለም፣ ሌሊቱ ግን ኩስኮ ላይ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ብዙ አሮጌ ቤቶች ማሞቂያ የላቸውም። ክፍል ስትይዙ ስለ ቁርስ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ማሞቂያና ስለ ሙቅ ውኃ ጠይቁ። እኔ ጋቢዬን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ከያዝኩት ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ኩስኮ ላይ ሳን ብላስ የሚባለው ሰፈር ፎቶ ላይ ያምራል፤ ሻንጣ ይዞ ደረጃውን መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከዋናው አደባባይ ወደ ሳን ፔድሮ ገበያ ባለው በኩል፣ ምድር ቤት ክፍል ይሻላል። ሰኔ 24 እንደ እነሱ አቆጣጠር ኢንቲ ራይሚ የሚባል የፀሐይ በዓል ስላለ ክፍል ቀድማችሁ ካልያዛችሁ አታገኙም። ላ ፓዝ ላይ ደግሞ ዞና ሱር እደሩ። ከመሐል ከተማው በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ስለሚል እንቅልፍ ትተኛላችሁ።

ኪቶ ምቹ ናት። መገበያያዋ ከ2000 ጀምሮ የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ምንዛሪ የሚባል ጣጣ የለም። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የምድር ውስጥ ባቡር አላት። ነገር ግን ኢኳዶር በወንበዴ ቡድኖች ምክንያት ከባድ ዓመታት አሳልፋለች፤ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ የውስጥ የትጥቅ ግጭት ብሎ እስከማወጅ ደርሷል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የወቅቱን የጉዞ ማሳሰቢያ አንብቡ። አሮጌው ከተማ ውስጥ ከመሸ በእግር አትሂዱ፤ ታክሲ ጥሩ።

እኔ ብሆን

አንድ ሳምንት ብቻ ላለው፣ ኩስኮ። ግን ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ ከተማው ውስጥ አትደሩ። በቀጥታ ከኩስኮ በታች ወዳለው ሸለቆ ወርዳችሁ ኦያንታይታምቦ የምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ 2,790 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በባቡር ማቹ ፒቹ፤ እሱ 2,430 ሜትር ስለሆነ ከኩስኮ በብዙ ይወርዳል። የመግቢያ ቲኬቱ በቀን የተወሰነ ነውና ቀድማችሁ ግዙት። ኩስኮን ለመጨረሻ አድርጓት፤ ያኔ ሳትታመሙ ታዩዋታላችሁ።

ሁለት ሳምንት ላለው፣ አሬኪፓ ጀምሮ ኩስኮ፣ ከዚያ በቲቲካካ ሐይቅ በኩል በአውቶቡስ ላ ፓዝ። ከፍታው ደረጃ በደረጃ ይመጣል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ የሁለቱንም አገር ቪዛ ቀድሞ ይጨርስ፤ የቢጫ ወባ ካርዱንም ይያዝ።

እናቴን ይዤ ብሄድ ግን ከሦስቱ አንዷንም አልመርጥም። የምወስዳት ኢኳዶር ውስጥ ኩዌንካ ነው። 2,560 ሜትር ናት። መሐል ከተማው ሜዳ ነው፤ በዳርቻው የቶሜባምባ ወንዝ ይፈሳል፤ የካቴድራሉ ሰማያዊ ጉልላቶች ከሩቅ ይታያሉ። ዓለም ሁሉ ፓናማ የሚለው ባርኔጣ የሚሠራውም እዚያ ነው፤ የኢኳዶር እንጂ የፓናማ አይደለም። ጠዋት ወንዙ ዳር ትሄዳለች፣ ቁርስ ሞቴ ፒዮ ትበላለች፤ በእንቁላል የተጠበሰ የተቀቀለ በቆሎ ነው። ከፍታውም እንደ ላ ፓዝ አያስቸግራትም።