ለሹዋሊድ ሐረር ምትመጡ ሰዎች፣ ሸሪፍ ሙዚየምን ለመውጫ ሰዓት አታስቀሩት

የሐረሪዎቹ ዓመታዊ በዓል ሹዋሊድ ሲቃረብ ከድሬም ከአዲስ አበባም የሚመጡ ሰዎች ሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፣ ቀን ቀን ምን እናያለን ይላሉ። ማታው የታወቀ ነው፣ ዚክሩ (ፈጣሪን ሚያወድሱበት ዜማ) አለ ከበሮው አለ፣ ሰዉም እንደወጣ ነው ሚያነጋው። ለቀኑ ግን እኔ ሁሌ ምልካቸው ጀጎል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ) ውስጥ ራስ ተፈሪ ቤት ያለው የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ነው። ችግሩ ብዙው ሰው ጅብ ሲቀለብ ሊያይ እየቸኮለ መሸት ሲል ሮጦ ይገባል፣ ሰይፉ ጋ ፎቶ ይነሳል፣ ይወጣል፣ ከዛ "አየሁት" ይላል። አላየኸውም አቦ! ይሄ ቤት ግማሽ ቀን ተሰጥቶት ነው ሚታየው፣ ከተቻለ ደግሞ ከተማው ውስጥ ካለው በዓል ጋር አገጣጥሞ መሄድ ነው።

ስለ ቤቱ ባጭሩ ልበል። የሕንድ ነጋዴ ያሰራው ነው ይባላል፣ ከእንጨት የተሰራው በርና በረንዳው ላይ የሕንዶቹ እጅ ያስታውቃል። ተፈሪ መኮንን፣ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ከእቴጌ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት እዚ ነው ሲባልም ትሰማላችሁ። ሙዚየሙ ታድሶ የገባበት ግን በኛ ሚሊኒየም አካባቢ ነው። ከዛ በፊት የሙዚየሙ መሥራች አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሰበሰቡትን ዕቃ ለሰው ያሳዩ የነበረው በራሳቸው መኖሪያ ቤት ነው።

እኔን ሚነካኝ ደግሞ ይሄ ታሪክ ነው። ሰውዬው የከተማቸውን ታሪክ ትምህርት ቤት ሲያጡት ራሳቸው ፍለጋ ወጡ፣ ከሰው ቤት ዕቃ እየገዙ እየጠየቁ ጀመሩ፣ በኋላ ሰዉ እያመናቸው ሲሄድ የአያት የቅድመ አያቱን ዕቃ ራሱ ይዞላቸው ይመጣ ጀመር። ስለዚ ውስጡ ምታዩት መጽሐፍ፣ ጌጣጌጥ፣ ልብስ፣ የጦር መሳሪያ፣ ሳንቲም፣ ስፌት፣ ከአንዱ ቤት ግድግዳ ላይ የወረደ ወይ ከአንዷ እናት ሳጥን የወጣ ነው። የሕዝብ ሙዚየም ማለት ለኔ እንዲህ ያለው ነው።

ከሳንቲሞቹ ጀምሩ፣ ሰው ዝም ብሎ ነው ሚያልፋቸው። ሐረር በአሚሮቹ ጊዜ የራሷን ገንዘብ ትመታ ነበር፣ ማሓለቅ ይሉታል፣ ትንሽዬና ስስ ነው፣ ላዩ ላይ የአረብኛ ጽሑፍ አለው። ጎንበስ ብላችሁ ካላያችሁት ጽሑፉ ራሱ አይታያችሁም። የራሱ ገበያ የራሱ ገንዘብ የነበረው ከተማ እንደሆነ እሷን ሳንቲም ስታዩ ነው ሚገባችሁ፣ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የሐረር የመጨረሻው አሚር የአብዱላሂ ጦር ሲሸነፍ ምን እንዳበቃም እዛው ይገባችኋል።

የቤቱ ልብ ግን መጻሕፍቱ ናቸው። ከሺህ በላይ የእጅ ጽሑፍ አለ፣ ብዙው ቁርዓን ነው፣ ሌላም የሃይማኖት ትምህርት አለ። ሐረር ድሮ የመጽሐፍ ገልባጭና የጠራዥ ከተማ ስለነበረች ጥራዙ ራሱ አንድ ሙያ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ሽፋኑ ቆዳ ነው፣ መሀሉ ላይ በማህተም ተጭኖ የወጣ ጌጥ አለ፣ ከኋለኛው ሽፋን ደግሞ እንደ ፖስታ ክዳን ያለ ቁራጭ ተዘርግቶ የገጾቹን ጫፍ ሸፍኖ ወደ ፊት ይታጠፋል፣ መጽሐፉ ሲዘጋ አቧራ እንዳይገባው ማለት ነው። አቶ አብዱላሂ ይሄን አጠራረዝና የመጽሐፍ ጥገናውን ራሳቸውን አስተምረው ነው ያወቁት፣ እዛ ሚሰሩ ልጆችም ከሳቸው ይማራሉ። አንዴ አንዱ ልጅ በለስላሳ ብሩሽ አንዷን ገጽ ሲያጸዳ ቆሜ አየሁ፣ ከመሀል ወደ ዳር፣ ከመሀል ወደ ዳር፣ ምስጥ የበላው ጋ ሲደርስ ብሩሹን አንስቶ ያልፈዋል፣ ሳያወራ። ስለ ቅርስ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፣ እንደዛ ልጅ እጅ ያሳመነኝ ግን የለም። ሲሰሩ ካገኛችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ እዩ፣ ከየትኛውም ኤግዚቢሽን መክፈቻ ይበልጣል።

ሌላው ሰው ማያውቀው ሙዚቃው ነው። የድሮ የሐረሪ ዘፈን ቅጂ ሰብስበው አስቀምጠዋል። ለሹዋሊድ ምትመጡ ደግሞ ይሄ የግድ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ማታ ላይ ካራቡ ሚሉት ከበሮ ሲመታ፣ ካበል ሚሉት እንጨት እርስ በርሱ ሲጋጭ፣ ሰዉ ዚክሩን ሲቀባበል ጆሯችሁ ትንሽ ለምዶ ከመጣ በጣም ይለያል። ሹዋሊድን ለማታውቁ፣ ከኢድ አልፈጥር በኋላ የሸዋል (ከሮመዳን ቀጥሎ ያለው ወር) የስድስት ቀን ጾም ሲያልቅ ነው ሚከበረው፣ አው ሹሉም አህመድና አው አቅበራ ዋናዎቹ ቦታዎች ናቸው፣ ዩኔስኮም በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ጀጎል ራሱ እኮ ከተመዘገበ ቆየ፣ 1998 ዓ.ም. ነው። ሹዋሊድ በጨረቃ ስለሚቆጠር ቀኑ በየዓመቱ ይቀያየራል፣ ሮመዳን ሲገባ ጀምራችሁ አስሉት፣ አልጋም ቀድማችሁ ያዙ።

ስፌቶቹ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ብቻችሁን ከሆናችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል። ባለፈው አንዲት የሐረሪ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው ነበር፣ አስጎብኚው መናገር ጀመረና ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ፣ እሳቸው ቀጠሉ። ይሄ ሐማት ሞት ነው፣ ሙሽራ ለአማቷ ምትሰጠው፣ ይሄን እኔ ሞይ ጋር ነው የተማርኩት እያሉ። ሞይ ጋር ማለት ድሮ ልጃገረዶች ተሰብስበው ስፌት ሚማሩበት ቤት ነው። ልጅቷ ስልኳን ቦርሳዋ ከተተችና "እማ ይሄ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?" አለች፣ እሳቸው መልሱን ትተው የስንደዶውን አያያዝ በጣታቸው ያሳዩዋት ጀመር። ሙዚየም ፕሮግራም ሲያወጣ እኔ ማየት ምፈልገው እንደዚህ ያለውን ነው። አንድ አፎቻ (የሐረሪዎች መረዳጃ ማህበር) ያሉ እናቶች ተጠርተው ቅዳሜ ጠዋት ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ዕቃው ፊት ቢቀመጡ ትልቅ በጀት አይጠይቅም፣ ምንጣፍና ሻይ ይበቃል። ግንቦት 10 ዓለም አቀፍ የሙዚየም ቀን ነው፣ አስተማሪ የሆናችሁ ቢያንስ በዛን ሰሞን ክፍላችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሙሐረም ላይም አሹራ አለ፣ ለጅቦቹ ገንፎ ሚቀርብበት፣ እሱንም ከሙዚየሙ ጋር ማገጣጠም ይቻላል።

አንድ ምክር ግን ልስጥ፣ የትም ይሁን የት ፖስተር ብቻ አምናችሁ መንገድ አትውጡ። አንድ ስሙን የማልጠራው አዳራሽ ኤግዚቢሽን አለ ብሎ ለጥፎ ልጆች ይዤ ከድሬ ድረስ ሄጄ በሩ ተቆልፎ፣ ዘበኛውም ምንም ሳያውቅ ተመልሻለሁ፣ ልጆቹ ፊት ላይ ያየሁት እስካሁን ያናድደኛል። ባህል ቦታ ቀን ከያዘ ቀኑን ማክበር አለበት፣ ከቀየረ ደግሞ መናገር። ስለዚ ሁሌ ደውላችሁ አረጋግጡ፣ በተለይ በዓል ሰሞን።

ሸሪፍን ከጨረሳችሁ ራምቦ ቤት ቅርብ ነው፣ እግረ መንገዳችሁን ግቡ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሐረር የመጣው በ1880 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ለቡና ንግድ፣ ታሞ በ1891 ወጣ። ቤቱ እሱ የኖረበት አይደለም፣ ግን የድሮ የሐረር ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ከላይኛው ፎቅም ከተማው ይታያል። ለኔ ይሄ ሁለተኛ ነው፣ ሰዓት ካጠረ ሸሪፍ ጋ ቆዩ።

ከድሬ ለምትመጡ ጠዋት በሚኒባስ ተነሱ፣ ደንገጎን በብርድ ስትወጡ ነጠላ ወይ ጃኬት ያዙ፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ከደረሳችሁ በእግር ነው ወይ ባጃጅ። ያለ አስጎብኚ አትግቡ፣ በአማርኛ አስረዱን በሉ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ለመጻሕፍቱ ደግሞ ፍላሽ አታብሩ።

እና ቤታችሁ ከአያት የተረፈ አሮጌ መጽሐፍ ካለ፣ የቁርዓንም ይሁን የዳዊት፣ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት፣ የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉት፣ ፀሐይ ላይም አታስጡት። በንጹህ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙና ሸሪፍ ሙዚየም ስትሄዱ እዛ ሚሰሩትን አማክሯቸው። ውሰዱልኝ ማለት የለባችሁም፣ እንዴት ላስቀምጠው ብላችሁ መጠየቅ ይበቃል።