ምጣድ ጠጋኙ ጋሼ እና የልጄ ጀበና

ክላርክስተን፣ ስቶን ማውንቴንና አትላንታ ዙሪያ ያላችሁ ወገኖች፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኛ ሰፈር የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዣቸውን ይከፍታሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ «ጋሼ» እያልኩ ልቀጥል። ምጣዴን ሁለቴ ጠግነውልኛል። ዛሬ የማመሰግናቸው ግን ለምጣዱ አይደለም፣ ለልጄ «አልሠራላትም» ስላሉኝ ነው። አትሳቁ፣ ልንገራችሁ።

ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ወር ገደማ የፈጠራ ውድድር ወረቀት ይዛ መጣች። ለማታውቁት፣ ኬ-12 ኢንቬንቸር ፕራይዝ ይባላል፣ የሚያዘጋጀው ጆርጂያ ቴክ ነው። መጀመሪያ በ2009 (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ለራሱ ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የጀመረው ውድድር ነበር፣ ኋላ ወደ ታች ወረደና ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ላሉት ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ የራሱን ልጆች ያወዳድራል፣ ያለፉት ጆርጂያ ቴክ ግቢ ሄደው ከመላው ስቴቱ ከመጡት ጋር ይገናኛሉ፣ እዚያ የተመረጡት ደግሞ ሚሺጋን፣ ዲርቦርን፣ ሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ወደሚካሄደው አገር አቀፉ ኢንቬንሽን ኮንቬንሽን ይሄዳሉ። ሮዛ ፓርክስ ከወንበሬ አልነሳም ያለችበት አውቶቡስ የሚገኝበት ሙዚየም ማለት ነው። ይሄ ኢንቬንሽን ኮንቬንሽን በ1983 ኮኔቲከት ውስጥ ነው የተጀመረው፣ ዛሬ በየዓመቱ ከ100 ሺህ በላይ ልጆች በየስቴቱ ይሳተፉበታል።

እድገቱን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ትልቁ ልጄ እዚያው ትምህርት ቤት እያለ ስድስት ልጆች ላይብረሪ ውስጥ ሰሌዳቸውን አቁመው፣ የመጣነው ወላጆች አራት ነበርን፣ አንዷ ደግሞ ልጇን ልትወስድ በአጋጣሚ የገባች ናት። ዘንድሮ ጂሙ ሞልቶ ሰሌዳ ኮሪደር ላይ ወጣ። ማቆሚያ አጥቼ መኪናዬን ሁለት መንገድ አልፌ ነው ያቆምኩት።

የኛን ሰው ደግሞ የሄማን በቀለ ነገር አነሳሳው። አዲስ አበባ ተወልዶ ቨርጂኒያ ያደገው ልጅ በ14 ዓመቱ፣ በ2023፣ ለቆዳ ካንሰር ሕክምና ይሆናል ባለው የሳሙና ሐሳብ 3ኤም የተባለው ኩባንያ የሚያዘጋጀውን የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አሸንፎ 25 ሺህ ዶላር ሲሸለም፣ ሁላችንም የወለድነው ያህል ነው የኮራነው። ያ ሌላ ውድድር ነው፣ ግን ማን ይለየዋል። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ «ያንቺስ ልጅ ምን ፈጠረች?» የምትል አትጠፋም።

ውድድሩ ሲያድግ አብሮት የወላጅ እጅም አደገ። አንዳንዱ ሰሌዳ ላይ ያለውን ስታዩ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሳይሆን አባትየው ዓመት ፈቃዱን የጨረሰበት እንደሆነ ያስታውቃል። እኔ ራሴ አንድ «ፕሮጀክት እንሠራለን» የሚል ቦታ ደውዬ ነበር። ሰሌዳውንም፣ ዕቃውንም፣ ልጅቷ በቃሏ የምትለውንም ጨምሮ 250 ዶላር አሉኝ። ማንነታቸውን አልጠራም። የማላውቀው ነገር ሆኖብኝ፣ ሁለት ሥራ ስለምሠራም፣ እውነቱን ልናገር ካርዴን አውጥቼ ነበር።

ያዳነኝ ምጣዴ ነው። የዚያን ቅዳሜ አንድ ጎኑ አልግል ብሎ ጋሼ ጋ ይዤው ስሄድ ልጄ ዕቃዋን በላስቲክ አንጠልጥላ ተከተለችኝ። ሐሳቧ ይሄ ነው፦ እናቴ፣ አያቷ ማለት ነው፣ ቡናውን ምድጃ ላይ ጥዳ ጸሎቷን ትጀምራለች፣ ጀበናው ይገነፍላል፣ ምድጃውን የማጸዳው እኔ ነኝ። ልጄ ቡሽ ላይ ሁለት ሽቦ ሰክታ ጀበናው አንገት ውስጥ አስገባች። ቡናው ፈልቶ ሲወጣ ሁለቱን ሽቦ ይነካና ባትሪው ደወሉን ያስጮኸዋል። ችግሩ አልጮኸም።

«ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ አንድ ጊዜ ቢያስተካክሉላት፣ የሚሉኝን እከፍላለሁ» አልኳቸው።

«አልሠራላትም። ወንበር ስጫትና ትቀመጥ፣ የኔ ልጅ።»

ተናደድኩ፣ አልዋሻችሁም። እሳቸው ምጣዴን ፈተው እየሠሩ፣ አንገታቸውንም ቀና ሳያደርጉ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች እርስ በርስ እንድታነካካ ነገሯት። ጮኸ። «እንግዲያው ደወሉም ደህና፣ ባትሪውም ደህና። ማን ቀረ የኔ እናት?» አሏት። ትንሽ አሰበችና «ቡናው» አለች። ልክ ናት። ቡና ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ግን በጣም ትንሽ ነው፣ ደወል አያስጮህም። ከመሳቢያቸው የጥፍር ያህል ትራንዚስተር አውጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። «የቧንቧ እጀታ በላት። በትንሽ ጣት ታዞሪያታለሽ፣ የሚወርደው ውኃ ግን ብዙ ነው። ቡናው እጀታዋን ያዙር፣ ውኃውን ባትሪው ይልቀቅ።» እኔ ኮሌጅ ገብቼ ያልገባኝ ነገር በምጣድ ጥገና መሃል ገባኝ።

ሶልደር ማድረጊያው (ሽቦ በቀለጠ ብረት የሚያያይዙበት) ስለሚያቃጥል ብቻ እጇን ይዘው አሳዩአት። ያንንም «እኔ እንደያዝኩሽ ጻፊ» ብለው ደብተሯ ላይ አስጻፏት፣ መምህርቷም ያገዛችሁን ሁሉ ጻፉ ብላቸው ነበር። ሌላውን በሙሉ እሷው። እኛ ስድስት ቅዳሜ ተመላለስን። እንፋሎቱ ጠብ እያለ ሽቦዎቹን ሲያገናኛቸው ቡናው ሳይፈላ ይጮህ ነበር፣ አራራቀቻቸው። «መዳቡን ከቡናው ጋር ልትጠጡት ነው?» ሲሏት ወደማይዝግ ብረት ቀየረች። 11 ሙከራ ደብተሯ ላይ አለ፣ ስምንቱ የከሸፈ ነው።

ከሁሉ ግን ያቺ አንዷ ጥያቄያቸው። በመጨረሻ ሁሉም ሠርቶ ልጄ በደስታ ስትዘል፣ «አያትሽ ይሄን ድምፅ ይሰሙታል?» አሏት። ለካ ማናችንም እናቴን አልጠየቅናትም። ቤት ሄደን ሞከርነው፣ እናቴ ከክፍሏ ንቅንቅ አላለችም። ሰው ሲያረጅ ጆሮው መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፣ ያ ደወል ደግሞ እንደ ትንኝ ነው የሚጮኸው። ልጄ አለቀሰች፣ ከዚያ ወፍራም ድምፅ ያለው ደወል ፈልጋ ቀየረች፣ የጸሎት መጽሐፉ አጠገብ የምትቀመጥ ቀይ መብራትም ጨመረች። እናቴ አሁን መብራቷ ስትበራ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለች እንደ ሰው ታናግራታለች።

ትምህርት ቤቷ ውስጥ አልፋ ጆርጂያ ቴክ ደረሰች። እዚያ ሽልማት አላገኘችም፣ ዲርቦርንም አልሄድንም። ከአጠገቧ የቆሙት ልጆች የሠሩትን ብታዩ አይከፋችሁም ነበር። ግን አንዱ ዳኛ «ይሄን ትራንዚስተር ለምን አስገባሽ?» ሲላት የቧንቧዋን ነገር በራሷ እንግሊዝኛ፣ እጇን እያዞረች ስታስረዳው እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። በዚያ 250 ዶላር ቢሠራላት ኖሮ ያቺን ጥያቄ እንዴት ትመልሳት ነበር? ሳስበው አሁንም ያልበኛል።

እንግዲህ ለጥቆማው። ምጣድ፣ ምድጃ፣ የቡና መቁያ፣ የሩዝ ማብሰያ የተበላሸባችሁ ጋሼ ጋ ውሰዱ። የሚጠገን ካልሆነ «ጣዪው» ይሏችኋል እንጂ ገንዘባችሁን አይበሉም። እኔን መጀመሪያ የተቃጠለችውን ሽቦ ብቻ ቀይረው፣ አዲስ ምጣድ ልገዛ ከነበረበት መልሰውኛል። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ፈቃዳቸውን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት አትሂዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

ለውድድሩ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ዕቃውን ብቻ ልካችሁ «ይሥሩልኝ» እንዳትሉ፣ እንደኔ ታፍራላችሁ። ለልጄ ያስከፈሉኝ አንዲት ሳንቲም የለችም፣ ላስገድዳቸው ብሞክር «የምጣዱን ከፍለሻል» አሉኝ። ድፎ ዳቦ ይዘን ሄድን፣ እሱንም ከጋራዡ ለነበሩት ሁሉ ቆርሰው ሰጡት። ዘንድሮ የናንተን ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ዳቦ ሳይሆን ትራንዚስተርና ባትሪ ውሰዱላቸው፣ መሳቢያቸውን የኔዋ ልጅ ባዶ አድርጋዋለች።

ጋሼ፣ ይሄን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። ስም አልጠቀስኩም። እግዜር ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ እንመጣለን፣ ልጅቷ ደግሞ ስለ ምጣድ ክዳን የሆነ ነገር አስባለች።