ቪትዝና መሰል ቶዮታ ለምትነዱ፦ የመኪና ድምፅ በሥርዓት ለሚሠራ ባለሙያ ምስጋና

ጎፋ በኩል የመኪና ቴፕና ስፒከር የሚገጥም አንድ ወንድማችን አለ። ማስታወቂያ የለውም። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ምስጋናው ግን በአደባባይ ይሁን። የሠራውን በዝርዝር የማስቀምጠው ሌላ ቦታ የምታሠሩም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

መኪናዋ ለጃፓን ገበያ የተሠራች፣ መሪዋ የተቀየረ ቪትዝ ናት። የቆየ የጃፓን ቴፕ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሚይዝ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ም፣ ፋና 98.1ም፣ ሸገር 102.1ም አይገቡበትም። ዲኮር ቤቶች ለዚህ አንቴናው ላይ የሚሰካ የሞገድ ክልል (ባንድ) መቀየሪያ ይሸጣሉ። ርካሽ ነው፣ ግን የእኛ ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ስለሚዘረጋ 14 ሜጋኸርዝ ስፋት ባለው ቴፕ ውስጥ ሁሉም ጣቢያ አይገባም፤ ማሳያው ላይ የሚወጣው ቁጥርም የጣቢያው አይደለም። ወንድማችን መቀየሪያ ሸጦ መገላገል ሲችል ቴፑ ራሱ ይቀየር አለ። ልክ ነው።

የቶዮታ ቴፕ ሶኬቶች ባለ 10 እና ባለ 6 ፒን ናቸው። እሱ አንድም የመኪናዋን ሽቦ በፒንሳ አልቆረጠም፤ የሚገጥመውን መቀየሪያ ሶኬት አምጥቶ ሰካ። በቶዮታ በኩል ቢጫ መስመር ያለበት ሰማያዊ ሽቦ ቋሚ 12 ቮልት ነው፣ ግራጫው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኮረንቲ ይመጣበታል፣ ቡኒው ማሳ (ኔጌቲቭ) ነው። በአዲሱ ቴፕ በኩል ደግሞ በቅደም ተከተል ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ቢጫና ቀዩ ከተለዋወጡ ቴፑ ሞተር ባጠፋችሁ ቁጥር ሰዓቱንና ጣቢያውን ይረሳል። ሁለቱም ቋሚው ላይ ከታሰሩ ደግሞ አይተኛም፤ ጠዋት ባትሪው ሞቶ ታገኙታላችሁ። የአንድሮይድ ቴፕ አስገጥመው "ባትሪዬ ደከመ" የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ ማስፈተሽ ያለባቸው ይህንን ነው። ወንድማችን ሥራውን ሲጨርስ ቁልፉን አውጥቶ፣ በሮቹን ዘግቶ፣ ጥቂት ጠብቆ በቴስተር የሚፈሰውን ኮረንቲ ለካ። ከ50 ሚሊአምፔር በታች መሆን አለበት።

መቀጠል ግድ የሆነበትን ሽቦ በሊድ በየደው፣ ላዩንም በሙቀት የሚጠብቅ ፕላስቲክ አለበሰው። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ፈጣን ነው፣ ግን በፀሐይ የጋለ ዳሽቦርድ ውስጥ የናስትሮው ማጣበቂያ ይቀልጥና ይላቀቃል፤ የስፒከር ሽቦ ላሜራ ከነካ የቴፑ ድምፅ ማውጫ ሊቃጠል ይችላል።

ስፒከር ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን "1000 ዋት" እርሱት። ቴፑ ላይ "50 ዋት በ4" (በአራት ቻናል ማለት ነው) ቢጻፍም ሳይቋረጥ የሚሰጠው በአንድ ቻናል 20 ዋት አካባቢ ነው። መታየት ያለባቸው አርኤምኤስ የሚባለው ዋት (ሳይቋረጥ የሚሸከመው) እና ሴንሲቲቪቲው (በተሰጠው ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚለካው) ናቸው። ሴንሲቲቪቲው በ3 ዴሲቤል መብለጡ የዋቱን ኃይል እጥፍ ከማድረግ ይቆጠራል። ስለዚህ 90 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ፣ 4 ኦም፣ 16.5 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ቱዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ለብቻው የሚቀመጥ ስፒከር አስመረጠ። አምፕሊፋየር መሸጥ ይችል ነበር፤ አልሸጠም።

ዋናው ሥራ በሩ ላይ ነው፣ ብዙዎችም የሚዘሉት እሱን ነው። ቶዮታ በብዙ ሞዴሎቹ ስፒከሩን የሚያስረው በብሎን ሳይሆን በሪቬት ነው። ሪቬቱ በድሪል ሲበሳ የሚወጣው የብረት ፍቅፋቂ ካልተጠረገ አዲሱ ስፒከር ማግኔት ላይ ተለጥፎ ይንኮሻኮሻል። ከዚያ የማስተካከያ ቀለበት ያስፈልጋል፤ እሱ የተጠቀመው ፕላስቲክ ነው፣ ምክንያቱም በር ውስጥ የዝናብ ውሃ ስለሚወርድ ያልተቀባ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) ክረምቱን ሳይጨርስ ያብጣል። ስፒከሩን ከማሰሩ በፊት መስታወቱን እስከ መጨረሻው አውርዶ ማግኔቱን እንደማይነካ አየ።

ቀጥሎ በሩን በአልኮል አጽድቶ ጀርባው አልሙኒየም የሆነ የቡቲል (የሚጣበቅ ጎማ) ንጣፍ ለጠፈ፣ በሮለርም ደጋግሞ ተጫነው። የውጭውን ላሜራ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም፤ እንዳይንቀጠቀጥ ከሩብ እስከ ሲሶው ይበቃል። የውስጠኛው ላሜራ ትልልቅ ቀዳዳዎች ግን መዘጋት አለባቸው። ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ በቀዳዳው ዞሮ ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ ባሱን ያጠፋዋል፤ ውድ ስፒከር ገዝተው "ባስ የለውም" የሚያሰኛቸው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ከታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ክፍት ተዋቸው፣ ፕላስቲክ መጋረጃውንም መልሶ ለጠፈ። እነዚህን ሁለቱን የረሳ ሠራተኛ በሩን ያዝገዋል ወይም ምንጣፋችሁን ያረጥበዋል።

የሽቦውን አቅጣጫ ያረጋገጠው በ1.5 ቮልት ድንጋይ ነው። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ሲነካ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ይገፋል፤ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። አንደኛው በር ብቻ ቢገለበጥ ሁለቱ ይጣሉና ባሱ ይጠፋል። በመጨረሻም ቴፑ ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ወደ በር ስፒከሮች እንዳይሄድ ቆርጦ፣ ባስ ቡስቱን አጥፍቶ አስረከበ።

አምፕሊፋየር የግድ ለሚል ሰውም መስፈርቱ ግልጽ ነው። ፊውዙ ከባትሪው በ45 ሴንቲሜትር ውስጥ፣ የማሳው ሽቦ አጭርና ቀለሙ ተፍቆ የተራቆተ ላሜራ ላይ፣ የባትሪው ገመድ በአንዱ ጎን፣ የድምፁ ገመድ በሌላው ጎን። አብረው ከሄዱ ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር የዲናሞው ፉጨት በስፒከር ሊሰማ ይችላል። ጌይኑ (አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው የሲግናል ማስተካከያ) የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ለ50 ዋት በ4 ኦም ቴስተሩ 14.1 ቮልት ሲያነብ መቆም አለበት።

ጉድለቱንም ልናገር። ቀርፋፋ ነው፤ በቀን ከአንድ መኪና በላይ አይነካም። ገበያ ላይ የሞላውን ስም የተለጠፈበት አስመሳይ ስፒከር ይዛችሁ ከሄዳችሁ አይገጥምላችሁም፣ ፊት ለፊት ይነግራችኋል። የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ግን ለየብቻ ጽፎ ይሰጣል፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃም ሳትጠይቁት ይመልሳል። እጅህ ይባረክ ወንድሜ።

የምትሄዱ ሰዎች ቀድማችሁ ደውሉ። የበራችሁ ፓነል ክሊፖች ከዚህ በፊት ተሰብረው ከሆነ ሱማሌ ተራ ጎራ ብላችሁ ለሞዴላችሁ የሚሆነውን ገዝታችሁ ሂዱ፤ እሱ ጋ ሁልጊዜ አይገኝም።