«ያለ ፈተና ጂኢዲ» ለሚሏችሁ ሰዎች ገንዘባችሁን አትስጡ

ወገኖቼ፣ በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ «የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ በሁለት ሳምንት፣ ክፍል መግባት የለም፣ ፈተና የለም» የሚል ማስታወቂያ በአማርኛ በቴሌግራም እየዞረ ነው። ጂኢዲ ማለት ሁለተኛ ደረጃ ላልጨረሰ ሰው በዲፕሎማ ምትክ የሚያገለግል ፈተና ነው፤ ያለ ፈተና ጂኢዲ የለም። እባካችሁ አትክፈሉ። ገንዘባችሁ ብቻ ሳይሆን ጊዜያችሁም ነው የሚበላው።

ጎረቤቴ ትምህርቷን ከ10ኛ ክፍል አቋርጣ የመጣች፣ ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ነርሲንግ መማር የምትመኝ ሴት ናት። ይህን ዲፕሎማ የሸጠላት ወኪል አበሻ ነው። «እህቴ፣ አንቺ እኮ የሥራ ልምድ አለሽ፣ እሱ ራሱ ይቆጠርልሻል» አላት። ሦስት መቶ ምናምን ዶላር ዜል በሚባለው የባንክ ገንዘብ መላኪያ ላከችለት። ከዚያ የምርጫ ጥያቄዎች ተላኩላት፤ ስትሳሳት ገጹ ራሱ ትክክለኛውን መልስ እያሳየ «እንደገና ሞክሪ» ይላታል። ብዙም ሳይቆይ ወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ፣ ወርቃማ ማኅተም ያረፈበት ዲፕሎማ በፖስታ መጣ። አብሮት የመጣው ትራንስክሪፕት ላይ በሕይወቷ ተምራው ለማታውቀው ኬሚስትሪ «ኤ» ተሰጥቷታል። ኮሌጅ ይዛው ስትሄድ የመዝጋቢዋ ሠራተኛ የትምህርት ቤቱን ስም ኮምፒውተር ላይ ፈልጋ ወረቀቱን መለሰችላት። ወኪሉ ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም። በጣም ያሳዘነኝ ሰው ለመማር ያለውን ጉጉት አይቶ በገዛ ቋንቋው ማታለሉ ነው።

ይህ ዓይነቱ ንግድ አዲስ አይደለም። በ2014 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ የሚባለው፣ ፍሎሪዳ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዲፕሎማ በኢንተርኔት ከ200 እስከ 300 ዶላር ይሸጡ የነበሩትን ፍርድ ቤት አቅርቦ አስቁሟቸዋል። ከሰዎች የሰበሰቡት ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ኮሚሽኑ በወቅቱ ገልጿል። «ዕውቅና አለን» የሚለውንም እንዳለ አትመኑ። ዕውቅና ሰጪ ተብሎ የሚጠቀሰው ድርጅት ራሱ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት ልትማሩበት ወዳሰባችሁት ኮሌጅ ደውላችሁ «የዚህን ትምህርት ቤት ዲፕሎማ ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እውነተኛው ጂኢዲ አራት ፈተና ነው፦ ሒሳብ፣ የእንግሊዝኛ ንባብና ጽሑፍ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ጥናት። ውጤቱ ከ100 እስከ 200 ይሰጣል፤ በእያንዳንዱ 145 ማምጣት ግድ ነው። አንዱ የሌላውን ጉድለት አይሞላም። አራቱን በአንድ ቀን መፈተን ግን አያስፈልግም፤ አንድ ባንድ እየተዘጋጁ መውሰድ ይቻላል፣ ለሠራተኛ ሰው ደግሞ እሱ ነው የሚሻለው። የሒሳቡ ፎርሙላ እዚያው ይሰጣል፣ በአብዛኛው ክፍልም ካልኩሌተር ይፈቀዳል። ለእኛ ሰው ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው ረጅሙን የእንግሊዝኛ ጥያቄ ማንበቡ ነው። በአማርኛ የሚሰጥ ጂኢዲ የለም። ስለዚህ እንግሊዝኛችሁ ገና ከሆነ መጀመሪያ የቋንቋ ክፍል ግቡ፤ ያ ጊዜ አይባክንም።

አጭበርባሪዎቹ የሚጠቀሙባት አንዲት ቀዳዳ አለች። በብዙ ስቴቶች ጂኢዲን ቤት ሆኖ መፈተን እውነትም ይቻላል። ግን መጀመሪያ «ጂኢዲ ሬዲ» በሚባለው የመለማመጃ ፈተና ባለፉት 60 ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ውጤት፣ ማለትም «ሳታልፉ አትቀሩም» የሚለውን፣ ማምጣት አለባችሁ፤ በፈተናው ሰዓት ደግሞ መታወቂያ አሳይታችሁ፣ ተቆጣጣሪ በካሜራ እያያችሁ ነው የምትሠሩት። ምዝገባውም ክፍያውም በራሱ በጂኢዲ ዶት ኮም፣ በስማችሁ በከፈታችሁት አካውንት ነው። «የይለፍ ቃልህን ስጠኝ፣ እኔ እፈተንልሃለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ሽሹ። ከታወቀ ውጤታችሁ ይሰረዛል፣ የግል መረጃችሁም በማታውቁት ሰው እጅ ይቀራል።

ሌላው የማዝንበት ነገር ጂኢዲ የማያስፈልጋቸው ሰዎች ሲከፍሉ ማየት ነው። አገር ቤት 12ኛን ጨርሳችሁ ሰርተፊኬትና ትራንስክሪፕት ካላችሁ፣ ናሴስ በሚባለው ማኅበር አባል በሆነ የምዘና ድርጅት አስገምግሙት። የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ አቻ ነው ከተባለ እንደገና የምትፈተኑበት ምክንያት የለም። የትኛውን ድርጅት እንደሚቀበል ግን ቀድማችሁ ኮሌጁን ጠይቁ።

ለዝግጅት ክፍልም ብዙ መቶ ዶላር አታፍስሱ። ለጎልማሶች ትምህርት የፌዴራል በጀት ስላለ በየስቴቱ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚሰጡ ክፍሎች አሉ። ዲሲ ነዋሪ ከሆናችሁ ካርሎስ ሮዛሪዮ የሚባለው የጎልማሶች ቻርተር (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ) ትምህርት ቤት በነፃ ያስተምራል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ ሞንትጎመሪ ኮሌጅን ጠይቁ። ፈተና የሚያስፈራችሁ ደግሞ በዲሲና በሜሪላንድ ኤንኢዲፒ የሚባል ሌላ መንገድ አለ፤ እዚያ የምትችሉትን በተግባር ሥራ እያሳያችሁ ሕጋዊ ዲፕሎማ ታገኛላችሁ። እሱም ቢሆን ሥራ አለው፣ በሁለት ሳምንት አያልቅም።

ቀድሞውኑ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ሰውየው መልእክቱን ከማጥፋቱ በፊት ንግግሩን በሙሉ ስክሪንሾት አንሱ። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ለባንኩ ደውላችሁ ክፍያውን ተቃወሙ። በዜል ከሆነ ማስመለሱ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ዛሬውኑ ደውሉ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሰጥታችሁ ከሆነ የክሬዲት ታሪክ በሚይዙት በሦስቱ ድርጅቶች፣ በኢኩፋክስ፣ በኤክስፔሪያንና በትራንስዩኒየን፣ በስማችሁ ብድር እንዳይከፈት ክሬዲታችሁን አስቆልፉ፤ አይከፈልበትም። ወረቀቱን ደግሞ የትኛውም የሥራ ማመልከቻ ላይ አታያይዙት፤ በኋላ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። ለኤፍቲሲ በ877-382-4357 ማመልከት ትችላላችሁ፤ እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።