የካቶሊክ መዋዕለ ሕፃናት እና የቄስ ትምህርት ቤት፦ ንጽጽር

በጎጃም የአራት ዓመት ልጅ ለትምህርት ሲደርስ፣ የቄስ ትምህርት ቤቱ ዛሬም ሊዘነጋ የማይገባው አማራጭ ነው። ዋሸራንና ዲማን በመሰሉ የቅኔ ቤቶች በሚታወቀው በዚህ አገር፣ ሕፃኑ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ በስንደዶ እያመለከተ 231ዱን የፊደል ቅርጽ በዜማ ሲቆጥር፣ ቀጥሎም ወደ መልእክተ ዮሐንስና ወደ ዳዊት ሲሻገር፣ ጆሮውና የማስታወስ ኃይሉ ይሰላሉ።

የካቶሊክ መዋዕለ ሕፃናት፣ በተለይ ካቶሊካዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. በሮም የጀመረችውን ስልት የሚከተለው፣ ትምህርቱን ከእጅ ይጀምራል። ልጁ ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጠውን ፊደል በጣቱ እየዳሰሰ ቅርጹን ይለምዳል፤ ውኃ ሳያፈስ መቅዳትን፣ የተጫወተበትን ዕቃ ወደ ቦታው መመለስን፣ ተራ መጠበቅን ይማራል። ይህ ትዕግሥት፣ በእኔ እምነት፣ ከዕውቀቱ ይበልጣል። ክፍያውና የደንብ ልብሱ ግን ለብዙ ቤተሰብ ይከብዳሉ።

የኦርቶዶክስ ወላጆች የእምነት ሥጋት ቀላል አይደለም። ይሁንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት የተሰበሰቡበት የቫቲካን 2ኛ ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው የትምህርት ሰነድ ራሱ የልጅ ቀዳሚ አስተማሪ ወላጁ መሆኑን ይናገራል። እኔ ብጠየቅ፣ ልጁ ጠዋት ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ የኔታ ቢሄድ እመርጣለሁ።